ለሐኪሙ እውነተኛውን ቁጥር ንገሩት

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሰው ገንዘብ መቁጠር ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ሳንቲም ጎድሎብኝ አያውቅም። የምጠጣውን መጠጥ ግን ለማንም በትክክል ተናግሬ አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ስትጠይቀኝ "ሁለት መለኪያ ብቻ ነው" እላለሁ። ሐኪም ሲጠይቀኝ "አልፎ አልፎ፣ ከጓደኞቼ ጋር" እላለሁ። እውነቱ በቀን ግማሽ ጠርሙስ ጂን ነበር። በእረፍት ቀን ከዚያም ያልፋል።

ካቆምኩ አምስት ዓመት ከሰባት ወር ሆነኝ። ይህን የምጽፈው ማታ ማታ ስልካችሁ ላይ "ሱስ ይዞኝ ይሆን?" እያላችሁ ለምትፈልጉ ሰዎች ነው። እኔም እንደዚያ ስፈልግ አመሽ ነበር። ጠዋት የፈለግኩትን ሁሉ ከስልኬ አጥፍቼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። የምትወዱት ሰው እየጠጣ ለተቸገራችሁም የምለው አለኝ፤ ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ለሁለት ሳምንት የምትጠጡትን ሁሉ ጻፉ። "ትንሽ ቀመስኩ" ብላችሁ አትጻፉ። ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነና ጠርሙሱ ላይ ያለው የአልኮል ፐርሰንት ስንት እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ ሚሊ ሊትሩን በፐርሰንቱ አባዙ፣ ለመቶ አካፍሉ፣ የመጣውን በ0.8 አባዙ። የምታገኙት በውስጡ ያለው ንጹህ አልኮል ነው፤ በግራም።

ለምሳሌ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለ 5 ፐርሰንት ቢራ 13 ግራም ገደማ አለው። ባለ 12 ፐርሰንት ወይን፣ ሙሉ ጠርሙሱ 750 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ 72 ግራም ነው። ባለ 40 ፐርሰንት መጠጥ በዚያው ልክ ጠርሙስ 240 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው መጠይቅ አንድ መጠጥ ሲባል 10 ግራም ነው። እንግዲህ የእኔ ግማሽ ጠርሙስ ስንት ሆነ? አሥራ ሁለት። "ሁለት መለኪያ" የምለው አሥራ ሁለት ሆኖ ወጣ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ ለሰው ለማሳየት ግን ገና ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

መጠኑ ብቻውን ሁሉን አይነግርም። በሳምንት አንዴ ብቻ የሚጠጣ፣ ከጀመረ ግን ማቆም የማይሆንለት ሰው አለ። "አንድ ብቻ" ብላችሁ ገብታችሁ በአንድ የወጣችሁበትን ቀን አስታውሱ። ለማስታወስ ከተቸገራችሁ ይህም መጻፍ አለበት።

ሰውነት የሚናገረው

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው፣ 11 ምልክቶችን ይቆጥራል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስቱ ከታዩ ችግሩ ቀላል ደረጃ ላይ ነው። አራትና አምስት መካከለኛ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። ሁሉንም አልዘረዝርም። እኔ ላይ የታዩትን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ማንም እንደ በሽታ የማያየው ነው። ጓደኞቼ "እሱ እኮ ጠጥቶ አይሰክርም" እያሉ ያደንቁኝ ነበር። እኔም እኮራበታለሁ። ይህ ጥንካሬ አይደለም። ሰውነት መጠጡን ለምዶት ለዚያው ሞቅታ የበለጠ መጠን እየጠየቀ ነው ማለት ነው። አለመስከሩ ጉበትንም አንጎልንም አያድንም።

ሁለተኛው ጠዋት ነው። ጥርሴን ለመቦረሽ ብሩሹን አፌ ውስጥ ሳስገባ ያቅለሸልሸኛል። ምንም ሳልበላ ሆዴ ይገለበጣል፤ የሚወጣው ቢጫ ውሃ ብቻ ነው። ባለቤቴ እንዳትሰማኝ ቧንቧውን እከፍታለሁ። ቢሮ ስገባ እጄ ይንቀጠቀጣል። አንድ ጊዜ የፈረምኩት ቼክ ፊርማው አይመሳሰልም ተብሎ ከባንክ ተመለሰ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ሁለቱን ፊርማ አስተያየሁ። የድሮው አንድ ወጥ መስመር ነው። አዲሱ ጥርስ ያወጣ ይመስላል፤ በየመሃሉ ይዘላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቼክ ከመፈረሜ በፊት መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሁለት ጉንጭ እጎነጫለሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እጄ ጸጥ ይላል። አንጎበር ለማባረር ነው እል ነበር። ጠዋት ለመረጋጋት መጠጥ ካስፈለጋችሁ ጉዳዩ አንጎበር ብቻ አይደለም፤ ሰውነታችሁ ያለ አልኮል መቆም አቅቶታል።

የቀረው በአጭሩ ይህ ነው። ጠርሙሱን የፕሪንተር ወረቀት ካርቶን ውስጥ እደብቅ ነበር። ማታ የተናገርኩትን ጠዋት አላስታውስም፤ ማን ጋ እንደደወልኩ ከስልኬ ነው የማየው። ቅዳሜ ከልጄ ጋር ኳስ መጫወት ተውኩ። "ከሰኞ ጀምሮ አቆማለሁ" ያልኩባቸውን ሰኞዎች ቁጥር አላውቀውም።

ቶሎ ራሳችሁን መፈተሽ ከፈለጋችሁ፣ ዶክተር ጆን ዩዊንግ እ.ኤ.አ. በ1984 ያስተዋወቋቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብላችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ስለ መጠጣችሁ ሲናገራችሁ ተናዳችሁ ታውቃላችሁ? በመጠጣችሁ ምክንያት ጥፋተኝነት ተሰምቷችሁ ያውቃል? ጠዋት እንደነቃችሁ ለመረጋጋት ወይም አንጎበር ለማባረር ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለቱን "አዎ" ካላችሁ ሐኪም ማማከር ይገባችኋል። ቅድም ያነሳሁት የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ደግሞ 10 ጥያቄ አለው። "ኦዲት" ይባላል። ስሙ ከሥራዬ ጋር ስለገጠመ አልረሳውም። ከ40 ይታረማል። 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ ጤናውን የሚጎዳ ደረጃ ላይ ሊሆን ይችላልና መመርመር አለበት።

ከሁሉም በላይ ይህን አንብቡ፦ ብቻችሁን በድንገት አታቁሙ

አንድ ማታ ከደረጃ ወድቄ እግሬ ተሰበረ። ሆስፒታል ተኛሁ። ነርሷ ፎርም እየሞላች "አልኮል ይጠጣሉ?" አለችኝ። "አልፎ አልፎ" አልኳት። "አልፎ አልፎ" ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ላብ አጠመቀኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ይመታል። የስብራቱ ሕመም መሰላቸው፤ እኔም ዝም አልኩ። ሼም ያዘኝ። በሦስተኛው ሌሊት አንሶላዬ ላይ ጉንዳን ሞላ። ነጩ አንሶላ ላይ በሰልፍ፣ ከእግሬ ጄሶ ሥር እየወጡ ይሄዳሉ። በእጄ ስጠርጋቸው ክንዴ ላይ ወጡ። እነሱን ላራግፍ ብዬ የግሉኮሱን መርፌ ከእጄ ነቀልኩት። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። እሷንም አላወቅኳትም ነበር። ሊገድሉኝ መጡ እያልኩ እጮሃለሁ። ሐኪሙ ለብቻዋ ወስዶ "መጠጥ ይጠጣል?" አላት። "በየቀኑ፣ ግማሽ ጠርሙስ። የሚደብቀው ደግሞ ሌላ አለ" አለችው። በሕይወት የተረፍኩት እሷ እውነቱን ስለተናገረች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልኮል አንጎል ላይ እንደ ፍሬን ይሠራል። በየቀኑ ፍሬን ሲያዝበት አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ ነዳጁን እየጨመረ ይሄዳል። መጠጡ ድንገት ሲቋረጥ ፍሬኑ ይለቀቃል፤ ነዳጁ ግን እንደተረገጠ ነው። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ጭንቀት፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ራስን ስቶ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፤ ልክ እንደሚጥል በሽታ። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ እኔን ያገኘኝ ዓይነት ከባድ ቅዠት ሊከተል ይችላል። ዲሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። ሳይታከም ከቀረ ይገድላል።

የሚጠጣ ሰው ሁሉ ይህ አይደርስበትም። በየቀኑ ብዙ የምትጠጡ ከሆነ፣ ጠዋት እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት ስታቆሙ ታማችሁ የምታውቁ ከሆነ ግን ራሳችሁን ክፍል ውስጥ ዘግታችሁ "በወኔ አቆማለሁ" አትበሉ። ወኔ እዚህ ላይ አይሠራም። ሐኪም ጋ እስክትደርሱ ድረስም በአንድ ቀን አትቁረጡት። እያቆሙ መመለስ ሲደጋገም ደግሞ ቀጣዩ ማቆም የባሰ ይሆናል። ራሱን የሳተ፣ የተንፈራገጠ፣ የሌለ ነገር የሚያይ ወይም የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ካለ ነገን አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። የመሞት ሐሳብ የመጣበትም እንደዚሁ።

ሐኪም ፊት ምን ይባላል?

በቀጥታ የሱስ ማእከል መፈለግ ግድ አይደለም። ጠቅላላ ሐኪም መጀመር ይችላል። የአእምሮ ሐኪም ካገኛችሁም ጥሩ ነው። ብዙዎች የአእምሮ ሕክምና ሲባል ይሸሻሉ፤ እኔም ሸሽቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2019 የአልኮል አጠቃቀም ችግር ያለበት ሰው 400 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሐኪሙ እናንተን ሲያይ አዲስ ነገር አያይም።

ከመግባታችሁ በፊት በወረቀት ጻፉ። ምን እንደምትጠጡ፣ በቀን ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ መጨረሻ የጠጣችሁት በስንት ሰዓት እንደሆነ። ስታቆሙ የሚደርስባችሁን። የምትወስዱትን መድኃኒት፣ በተለይ የእንቅልፍና የሕመም ማስታገሻ። እርጉዝ የሆነች ደግሞ ይህን በቅድሚያ ትናገር። ወረቀት ያልኩት በምክንያት ነው። እዚያ ስትቀመጡ ምላሳችሁ ቁጥሩን በግማሽ ይቆርጠዋል። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ አፌን አላመንኩትም። "ዶክተር፣ ይህን ያንብቡት" ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ "እናመሰግናለን፤ አሁን መሥራት እንችላለን" አሉኝ። አልተቆጡኝም። የሚቆጣና የሚያዋርድ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሐኪም ቀይሩ እንጂ ሕክምናውን አትተዉ።

የደም ምርመራ ይታዘዛል፤ ጉበት ይታያል። አንድ ነገር ልብ በሉ። የጉበት ውጤት ጥሩ ሆኖ መምጣቱ ሱስ የለም ማለት አይደለም። እኔ አንዴ ጥሩ ውጤት ይዤ ወጥቼ በደስታ ጠጥቻለሁ።

ሕክምናው ምን ይመስላል

የመጀመሪያው ክፍል ሰውነትን ማሳረፍ ነው። እንደ ዳያዜፓም ያለ ማረጋጊያ ይሰጣል፤ መጠኑ በየቀኑ እየቀነሰ በአብዛኛው በሳምንት ገደማ ይቆማል። ቀለል ላለ ሰው፣ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ካለ፣ በተመላላሽ ይሆናል። ከዚህ በፊት የተንፈራገጠ፣ የቃዠ፣ ብቻውን የሚኖር ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ግን ተኝቶ ቢታከም ይሻላል። ማረጋጊያውን በራሳችሁ ከፋርማሲ ፈልጋችሁ አትውሰዱ። ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ እሱም ራሱ ሱስ ያስይዛል።

ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ በመርፌ። እንደ ተራ ቫይታሚን አትዩት። ለዓመታት የጠጣ ሰው ቢ1 ይጎድለዋል። ሲብስ አረማመዱ ይንገዳገዳል፣ የዓይኑ እንቅስቃሴ ይዛባል፣ ግራ ይጋባል። ሰው ሲያየው "ሰክሯል" ብሎ ያልፈዋል። በጊዜ ካልታከመ የማስታወስ ችሎታን እስከመጨረሻው ሊወስድ ይችላል።

ብዙዎች በዚህ ሳምንት ዳንን ብለው ይሄዳሉ። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የመጠጥ ፍላጎትን ለመቆጣጠር የሚያግዙ መድኃኒቶች አሉ። ናልትሬክሶን የመጠጥን ደስታ ይቀንሳል፤ ኦፒዮይድ የሚባሉትን ጠንካራ ሕመም ማስታገሻዎች ለሚወስድ ሰው ግን አይሆንም። አካምፕሮሴት ያቆመ ሰው ሳይጠጣ እንዲቆይ ይረዳል፤ ከመጀመሩ በፊት ኩላሊት ይታያል። ዳይሰልፊራም ደግሞ የተለየ ነው። እሱን የወሰደ ሰው ከጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል፤ ለሕይወትም ሊያሰጋ ይችላል። መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላም ውጤቱ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። አንድ ዘመድ ለባለቤቴ "ሳያውቅ ምግቡ ውስጥ ጨምሪለት" ብሏት ነበር። እንቢ አለች። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሰውየው ሳያውቅ ጠጥቶ ሊሞት ይችላል።

ከመድኃኒቱ ጋር ምክክር አለ፤ ለብቻም በቡድንም። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1935 የተጀመረ የቡድን ስብሰባ በብዙ አገር አለ፤ በኢንተርኔትም ይካሄዳል፤ ክፍያ የለውም። የስብሰባው መንፈሳዊ አነጋገር የማይመቸው ሰው አለ። ያ ሰው ሌላ ቡድን ወይም አማካሪ ይፈልግ። ለእኔ የጠቀመኝ አንድ ሰው ተነስቶ ጠርሙስ የሚደብቅበትን ቦታ ሲናገር መስማት ነው። የእኔን ካርቶን የተናገረ መሰለኝ።

ከሆስፒታል በወጣሁ በአራተኛው ወር አገረሸብኝ። ሦስት ቀን ጠጣሁ። ያን ጊዜ ያደረግኩት ብቸኛ ትክክለኛ ነገር በአራተኛው ቀን ደውዬ "ሦስት ቀን፣ ሁለት ጠርሙስ" ማለቴ ነው። መድኃኒቴ ተስተካከለ፣ ቀጠሮዬ ተቀራረበ። አምስት ዓመት ከሰባት ወር የምለው ከዚያ ጀምሮ ነው። ማገርሸት በዚህ በሽታ የተለመደ ነው። የሚገድለው መደበቁ ነው።

የሚያስጨንቀው ሰዓት ለእኔ ከሥራ መውጫ ነበር። መንገድ ቀየርኩ። ከመውጣቴ በፊት እበላለሁ፤ የራበኝ ቀን ፍላጎቱ ይብሳል። ሲመጣብኝ ሰዓቴን አያለሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልፋል፤ የማያልፍ የሚመስለው ግን በየጊዜው ነው። እንቅልፍ ለወራት አስቸገረኝ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ያን ያህል አልደነግጥም ነበር።

ቤት ላላችሁ

የምትወዱትን ሰው እየጠጣ ሳለ አትናገሩት። ጠዋት ተናገሩት። "ሰካራም ሆነሃል" ስትሉት ይከራከራችኋል። እህቴ ያለችኝ ሌላ ነው። "ወንድምዓለም፣ ማክሰኞ ልጅህን ከትምህርት ቤት ሳታመጣ ቀረህ። አንድ ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ነኝ ሄጄ ያመጣሁት።" ምን እመልሳለሁ? ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ። ቀጥላ "ሐሙስ ሐኪም ጋ አብሬህ እገባለሁ" አለች። የሐሙሱን ቀርቼባታለሁ። የሚቀጥለውን ግን ገባሁ።

አለቃው ጋ ደውላችሁ "ታሞ ነው" ብላችሁ አትዋሹለት። ጠርሙሱን ሌሊት ደፍታችሁም ጥገኛ የሆነን ሰው በአንድ ጊዜ አታስቆሙት፤ ምን እንደሚከተል ቅድም ነግሬያችኋለሁ። እጁን የሚያነሳ ከሆነ ደግሞ ከሕክምናው በፊት እናንተና ልጆቹ ደህና ቦታ ሁኑ። ለቤተሰብ የተቋቋመ አል-አኖን የሚባል ስብሰባ አለ፤ እሱ ለመታከም እንቢ ቢልም እናንተ መሄድ ትችላላችሁ። ሐኪም ጋ አብራችሁ ስትገቡም እሱ የሚቀንሰውን ቁጥር እናንተ ሙሉውን ተናገሩ።

ሰሞኑን ጥርስ ላስነቅል ሄጄ ነበር። ፎርም የምትሞላው ልጅ ቀና ሳትል "አልኮል ይጠጣሉ?" አለችኝ። "አሁን አልጠጣም። አምስት ዓመት ከሰባት ወር ሆኖኛል። ከዚያ በፊት በቀን ግማሽ ጠርሙስ ጂን፣ ለአሥራ አንድ ዓመት" አልኳት። ጻፈችው። ከዚያ ስለ ደም ግፊቴ ጠየቀችኝ።